አሸዋው ሲፈላ

ጥር 5፣ ሰኞ። ጧት 3 ሰዓት

ብሎወሩን፣ ነፋስ የሚነፋውን ሞተር፣ አስነሣሁ። አሸዋው መጀመሪያ ዝም። ቀጥሎ እንደተኮረኮረ ሆድ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ መፍላት። እሳት የለም፣ ውሃ የለም። ከሥር በወንፊት የሚገባ ነፋስ ብቻ። ደረቅ አሸዋ እንደ ሽሮ ይንተከተካል። ባየሁት ቁጥር ሱብሓነላህ እላለሁ። ዛሬም አልኩ።

ደብተሬ፣ ሥራዬ ይኸው ነው፤ ደጋግሜ ብነግርህ አትሰልች። ሳጥን ነው። ቁመቱ ደረቴ ድረስ፣ ውፍረቱ ግን ስስ፣ ፊቱ መስታወት። ግማሹን አሸዋ ይዟል። እኔ ነፋሱን እከፍታለሁ፣ መስታወቱን እወለውላለሁ። ኢ/ር ትዕግሥት አረፋው ሲወጣ በካሜራ ታነሣለች። ከዚያ ትቀመጥና ኮምፒውተሯ ውስጥ ያለውን ሌላ ሳጥን ትከፍታለች። እዚያም አሸዋ አለ። ማንም ያልዛቀው፣ ማንም ያልተሸከመው። እሱም ይፈላል። አረፋዋ ከሥር ምስር አክላ ትነሣለች፣ ከጎረቤቷ ጋር ትጣበቃለች፣ ታብጣለች፣ አናት ላይ ስትደርስ ትፈነዳለች። ሲሙሌሽን ትለዋለች።

የሁለቱ ሳጥኖች አረፋ ከተመሳሰለ ትልቁ ምድጃ ይሠራል፤ የቀርከሃ ሰጋቱራ በሚፈላ አሸዋ ውስጥ እያነደደ የቀርከሃ ሠሪዎቹን ማኅበር ቀርከሃ የሚያደርቅ ምድጃ። ካልተመሳሰለ የለም።

እስካሁን ተመሳስለዋል። እሷን ደስ ይላታል። እኔን አይለኝም። ነገር ሁሉ እንዲህ ልክ ልክ ሲሆንብኝ ከጀርባው ምን አለ እላለሁ። ያልሆነውን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው። ዛሬ አልቻልኩም፣ ጠየቅኋት። ይህ ዕቃ የአረፋውን ነገር ከየት አወቀ? አያውቅም፣ ጋሽ ሰይድ፣ አለችኝ። እያንዳንዱ ፍሬ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ነፋሱ ምን ያህል እንደሚገፋው ነግሬዋለሁ፤ እሱ ያሰላል።

ውሸት ብትነግሪውስ?

ሳቀች። «ውሸት ከነገርኩት ውሸት ይፈላል።»

ይህች አነጋገር ከልቤ አልወጣችልኝም።


ጥር 8፣ ሐሙስ

መብራት የለም። እኔና ኸሚስ ማንጎው ሥር ተጎልተን ዋልን።

ኸሚስ ባልደረባዬ ነው። በርታ ነው፣ የዚሁ የአሶሳ ዙሪያ ተወላጅ። አሸዋውን ከወንዝ ያመጣውም፣ በወንፊት የነፋውም እሱ ነው። ዕድሜው ከልጆቼ አይበልጥም። «አሚ ሰይድ» ይለኛል። አጎቴ ማለቱ ነው፣ በዐረብኛው። እኔ ወላጆቼ በሰፈራ ከወሎ ሲመጡ ጺሜ ገና አልበቀለም ነበር። ጸጉሬ እዚህ ሸበተ። ባለቤቴን ዘይነብንም እዚሁ ቀበርኳት፣ አላህ ይዘንላት። ግን አሁንም ሰው ሲጠራኝ «ሰፋሪው ሰይድ» ነው። ለኸሚስ ቤቱ ነው፣ ለእኔ የመጣሁበት ነው። ይህ ሐሳብ ከየት እንደሚመጣብኝ አላውቅም። ይመጣል።

በአንድ መስጊድ ነው የምንሰግደው። እሱ እጁን አውርዶ፣ እኔ ደረቴ ላይ አጥፌ። ሼኹ ሁለቱም ልክ ነው ይላሉ። ይሁን። ዓይኔ ግን ይሄዳል።

ዛሬ ሲያወራ አክስቶቹ እዚያው አሸዋውን ባመጣበት ወንዝ ወርቅ ያጥባሉ አለኝ። ልጅ ሆኖ የወርቅ ማጠቢያው ገበታ ውስጥ ይተኛ ነበር። የኛ አሸዋስ አለበት ወይ አልኩት።

«ወርቅ እኮ እንደ ዱቄት ነው፣ አሚ። ትልቅ ትልቁን የሚያልም ሰው ነው።»

አለበት ወይስ የለበትም?

«ቢኖር እኔ እዚህ ካንተ ጋር ዝንብ እቆጥራለሁ?»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግን ልብ በል፣ ደብተሬ፤ የለም አላለም። ለጥያቄ ጥያቄ የሚመልስ ሰው።


ጥር 11፣ እሑድ። ጥምቀት

ጥበቃው ተራዬ ነው። ኢ/ር ትዕግሥት ነጭ ለብሳ ከታቦቱ ጋር ወርዳለች። ግቢው ጭር ብሏል። ከሩቅ እልልታ ይሰማል።

ዓርብ ወንፊቱን ለመጥረግ አሸዋውን ከሳጥኑ አውጥተን ማንጎው ሥር ሸራ ላይ አፍስሰነው ነበር። ጧት ስደርስ ምን ባይ ጥሩ ነው? የጎረቤት ውሻ መሃሉ ላይ ጉድጓድ ሠርቶ ተኝቷል። ለሐጩን አዝረክርኮ። ያ ረቢ! ውሃ ሲጠፋ ለሶላት ተየሙም የማደርግበት አሸዋ፤ እጄን አሳርፌ ፊቴን የማብስበት። በድንጋይ አባረርኩት።

ኸሚስ በዚያ ሲያልፍ ጩኸቴን ሰምቶ ገባ። አየና ሳቁን ለቀቀው።

«ውሻ አንድ ቀን ተኛ፣ አሸዋ ሞተ እንዴ? የኛ መንደር ሼኽ ውሻ ርኩስ፣ ነጃሳ አይደለም ይላል።»

የናንተ ሼኽ ይብላበት፣ አልኩት። አሁንም እየሳቀ ሄደ። እንዲህ ነገር የሚቀለው ሰው ሌላውስ ምን ያህል ይቀለው ይሆን?

ውሃ መጥቷል ዛሬ፣ ለበዓሉ ይሆናል። አሸዋውን በበርሜል እየከፈልኩ አጠብኩት። ወገቤ ተቆረጠ። ውሃው መጀመሪያ ድፍርስ ነጭ፣ ኋላ ሳሳ፣ ኋላ ጠራ። ማንጎው እስኪበቃው ጠጣ። ዘይነብ ሩዝ ስታጥብ ውሃው ፊትህን ካላሳየህ አልታጠበም ትል ነበር። ፊቴን እስካይ አጠብኩ። ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት። ሲደርቅ አብረቀረቀ፣ እንደ ስኳር። እጄን ብመታበት አቧራ እንኳ አይነሣም።

ዙህርን ማንጎው ሥር ሰገድኩ። ልቤ ረጋ አለ። ዛሬ ንጹሕ ቀን ነበር።


ጥር 13፣ ማክሰኞ

አሸዋውን ትናንት መለስን። ዛሬ ነፋስ ሰጠሁት።

አረፋ አይደለም የወጣው። የሰው ጭንቅላት የሚያክል ባዶ ከሥር ተነሥቶ መስታወቱን እየገፋ መጣና አናቱ ላይ ጓ! ብሎ ተቀደደ። አሸዋው ክዳኑን አልፎ ጺሜ ላይ። ሌላው ተከተለ። ሳጥኑ በሙሉ እንደሚያስል ሽማግሌ ይነቃነቃል።

ኢ/ር ኮምፒውተሯን አየች። እዚያ ምስር ምስር የሚያክሉት በሰላም ይወጣሉ። ሳጥኑን አየች። መልሳ ኮምፒውተሩን። ዝጋው አለችኝ።

የነፋሱን ልክ ቆጣሪው ላይ አየች፣ ያው ነው። ወንፊቱን አየች፣ ክፍት ነው። ከዚያ ሁለታችንን አቁማ አሸዋው ላይ የቀየራችሁት ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀች።

ኸሚስ ዞሮ እኔን አየኝ።

አንድ ፍሬ አልጨመርንም፣ አንድ ፍሬ አልቀነስንም፣ ያው አሸዋ ነው አልኩ እኔ። ኸሚስም አልቀየርንም አለ።

ለምን መጀመሪያ እኔን አየ? ቀኑን ሙሉ ይህን ሳላምጥ ዋልኩ። መጀመሪያ የሰው ፊት የሚያነብ፣ ደብተሬ፣ የሚደብቀው ያለው ነው።

ያው ዕለት። ከአስር ሶላት በኋላ

አየሁት። በዓይኔ። ኢ/ር ከወጣች በኋላ የሳጥኑን ክዳን ከፍቶ በፕላስቲክ ኩባያ አሸዋ ጨለፈ። በፌስታል ጠቀለለው። ጃኬቱ ውስጥ። እያፏጨ በበሩ ወጣ።

እኔ ከበርሜሉ ጀርባ ነበርኩ። ለምን ተደበቅሁ? እንጃ።


ጥር 15፣ ሐሙስ

ዛሬም ኩባያው። ዛሬም ፌስታሉ። እስከ በሩ ተከተልኩት። ወደ ቤቱ አቅጣጫ ታጠፈ፣ ፈጠን ፈጠን እያለ።

ኢ/ር ፊቷ ጠቁሯል። ወጪውን የሚሸፍኑት ሰዎች በወሩ መጨረሻ ይመጣሉ። ሳጥኖቹ ካልተስማሙ ምድጃው ቀረ ማለት ነው፤ የቀርከሃ ማኅበሩም ቀርከሃውን በዝናብ እያሻገተ ይቀጥላል። ነፋሱን ጨመረች፣ ቀነሰች። የኮምፒውተሩን ቁጥር ነካካች። አልሆነም። ለአፍታ እሷንም ጠረጠርኳት። ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ ሰበብ ፈልጋ ኮምፒውተሩን ራሷ አበላሽታውስ እንደሆን? ኋላ ምሳዋን ሳትበላ ሳያት አፈርኩ። ካፈርኩ በኋላም ትንሽ ጠረጠርኩ።

ዘይነብ፣ አንተ ወተት ውስጥ አጥንት የምትፈልግ ሰው ነህ ትለኝ ነበር። በዚህ ግን አጥንቱ አለ። ሒሳቡ ቀላል ነው። የወርቅ ወንዝ። ወርቅ የሚያጥቡ አክስቶች። ኩባያ። እና የተበላሸ አሸዋ።


ጥር 16፣ ዓርብ

ጁምዓ። ኢማሙ ኹጥባቸውን በክፉ ጥርጣሬ ላይ አደረጉ። ሰው የወንድሙን ነውር እያነፈነፈ መኖር የለበትም አሉ። ደግ ምክር ነው። ሲናገሩ ዙሪያዬን አየሁ፤ ይህ የሚያስፈልገው ስንቱ ነው ብዬ። አንድ ሁለት ሰው ታየኝ።

ከሶላት በኋላ ኸሚስ ጫማዬን አንሥቶ ፊቴ አኖረልኝ። ሁልጊዜ ያደርገዋል። ዛሬ እጁን አየሁ፣ አሸዋ ካለበት።


ጥር 20፣ ማክሰኞ

የቤተ ሙከራችን ኃላፊ አቶ ገመቹ ቢሯቸው ጠሩኝ። በሩን ዘጉት። ጋሽ ሰይድ፣ ሰጋጅ ሰው ነዎት፣ እርስዎን አምናለሁ፤ አሸዋውን የሚነካ አለ ወይ አሉኝ።

ወንበሩ ለስላሳ ነበር። «እርስዎን አምናለሁ» መባሉም ለስላሳ ነበር።

ያየሁትን ነገርኳቸው። ኩባያውን። ፌስታሉን። ጃኬቱን። የአክስቶቹን ነገር ስላልተጠየቅሁ ልተወው ነበር። አልተውኩትም።

ከሰዓት በኋላ ኸሚስ ተጠራ። ተቆጥቶ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። ቀስ ብሎ ወጣ። ነገሩ እስኪጣራ ቤት ተቀመጥ ተብሏል። ሰኞ ይወሰናል። ጥፋት ከተገኘበት ስንብት ነው፣ ምናልባትም ፖሊስ። አሸዋ ወስደሃል ወይ ሲሉት አዎ ማለቱን አቶ ገመቹ ነገሩኝ። ለምን ሲሉት ለቤት ነው አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም።

በአጠገቤ ሲያልፍ «ደህና እደር፣ አሚ» አለኝ።

እውነት ነው የተናገርኩት። ያላየሁትን አልጨመርኩም። ታዲያ ራቴ ለምን አልወረደም?


ጥር 22፣ ሐሙስ

ነገሩ ፈጠጠ!

ኢ/ር ጧት እየሮጠች ጠራችኝ። ሌሊቱን ኮምፒውተሩ ሲሠራ አድሯል። እስካሁን ነፋሱን ነበር የምትቀያይረው። ትናንት ግን አሸዋውን ቀየረች። የኮምፒውተሩን አሸዋ። ከትልልቁ ፍሬ መሃል ደቃቁን፣ ዱቄት የሚመስለውን ብናኝ፣ በሙሉ አጥፍታ አስፈላችው።

አሳየችኝ። ጭንቅላት የሚያክል ባዶ ከሥር ተነሣ። ጓ! ድምፅ የለውም ግን ሰማሁት። ልክ እንደኛ ሳጥን። ልክ!

እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። ደቃቁ በትልልቁ ፍሬ መሃል እየገባ እንደ ቅባት ያላላዋል። አረፋ ገና ሳይሰባ ይከፈላል። ደቃቁ ሲጠፋ የሚከፍለው የለም፤ አረፋ አረፋን እየበላ ያብጣል። መጀመሪያ ሲመጣ በጠርሙስ ያስቀረችው አሸዋ ነበራት። እሱንም የሳጥኑንም በወንፊት ነፋች። የጠርሙሱ ዱቄት አወረደ። የሳጥኑ ምንም።

አቶ ገመቹ መጡ። ሁለቱንም አዩ። ወርቅ ብናኝ ነው፣ ብናኙ ተለቅሟል፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አሉ። ኢ/ር ማን እንዳወጣው ኮምፒውተሩ አይናገርም አለች። ደቃቁ ሄዷል ነው የሚለው። አቶ ገመቹ ግን ጨርሰው ነበር።

ይኸው። ጥርጣሬዬ ምስክር አገኘ። እንደዚያ ሳማው የነበረው ዕቃ ከእኔ ጎን ቆመ። ደስ ሊለኝ ይገባል።

ኢ/ር ግን በር ላይ ያዝ አደረገችኝና አንድ ነገር አይገባኝም አለች። በኩባያ የሚወስድ ሰው ደቃቁንም ሻካራውንም ነው የሚወስደው። ከዚህ ሁሉ አሸዋ ደቃቁን ብቻ መርጦ ለማውጣት ሌላ መንገድ ይኖራል፣ ምን እንደሆነ እንጃ።

ከአክስቶቹ የተማረው ይኖራል አልኳት። ምላሴ እንዴት ፈጣን ነው።


ጥር 24፣ ቅዳሜ

ውሃ የለም። ዙህር ደረሰ። ሳጥኑ ታሽጓል፣ ለምርመራ። ለተየሙም የሚሆን ንጹሕ መሬት ፈልጌ ወደ ማንጎው ሄድኩ።

ከግንዱ ሥር፣ የእንቅብ ያህል ሜዳ ላይ፣ ነጭ ቅርፊት አለ። ደርቆ የተሰነጣጠቀ። ጫፉ ወደ ላይ የተጠቀለለ፣ እንደ አሮጌ ቆዳ። ጎንበስ ብዬ አንዱን አነሣሁ። በጣቶቼ መሃል ዱቄት ሆነ። ልም ዱቄት። ከሥሩ ሌላ፣ ከሥሩ ሌላ።

እጄን ልመታበት ነበር። እንደተዘረጋ ቀረ።

ድፍርሱ ነጭ ውሃ። ኋላ የሳሳው። ኋላ የጠራው። ፊቴን እስካይ።

እኔ ነኝ።

ያው ዕለት። ከመግሪብ በፊት

ምን እንዳደረግሁ ልንገርህ፣ ደብተሬ፣ ለሌላ ስለማልናገረው። ያን ቅርፊት ከያዝኩ በኋላ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ኸሚስ አልነበረም። እግሬ ነው የመጣልኝ። በእግሬ እንዳፈርሰው። አንድ ሁለት ጊዜ ረገጥኩት እንኳ።

ቀጥሎ የመጣልኝ፣ እሺ እኔ አጥቤዋለሁ፤ ግን እሱም ወስዷል። አምኗል። ለቤት ምን ያደርግለታል? ይህችን ጥርጣሬ እንደ ልጅ አቅፌ ግቢውን ዞርኩ። እንዳትሞትብኝ ፈራሁ። እሷ ከሞተች የሚቀረው እኔ ነኝና።

ማጠብ ጥፋት ይሆናል ብዬ እንዴት ላስብ? ንጽሕና እኮ ነው። ኢ/ር የቀየራችሁት አለ ወይ ስትል የታጠበ አሸዋ የተቀየረ አልመሰለኝም። በዚህ አልዋሸሁም። አላህ ያውቃል። ከበርሜል ጀርባ መደበቄን ግን ያውቃል። ያልተጠየቅሁትን የአክስቶቹን ነገር መጨመሬንም። እጁን ማየቴንም። የወንዙን ልጅ ሌባ ለማድረግ ኩባያ ብቻ በቃኝ። እሱ ሰፋሪ ቢለኝ እቀየም ነበር።

ነገ ቤቱ እሄዳለሁ። ልናዘዝ ነው ወይስ ልሰልል? እውነቱን ልጻፍ፤ ሁለቱንም።


ጥር 25፣ እሑድ

የኸሚስ ቤት ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው፣ የቀርከሃ አጥር፣ የሣር ክዳን። ሲያየኝ ሰው እንደሞተበት ደነገጠ። ከዚያ አስገባኝ።

አባቱ አልጋ ላይ ናቸው። ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝም፣ አፋቸው ተጣሟል። ሰላም አልኳቸው፣ በደህናው እጃቸው ደረታቸውን ነኩ። ኸሚስ ከርከዴ ቀዳልኝ፣ ቀዝቃዛ፣ ስኳሩ የበዛ። ሁለታችንም ስለ ሙቀቱ አወራን። ስለ መብራት አወራን።

አስር ተጠራ። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ራስጌ ሰደዱ። እዚያ ኩባያው አለ። ያ የፕላስቲክ ኩባያ። አሸዋውን በጣሳ ክዳን ላይ አፈሰሰላቸው፣ መዳፋቸውን አሳረፉ፣ ፊታቸውን አበሱ፣ እጃቸውን አበሱ። በዓይናቸው ሰገዱ። ሲጨርሱ ኸሚስ ያን አሸዋ ወደ ውጭ ደፍቶ ከኩባያው ለሚቀጥለው አዘጋጀ።

ከርከዴውን መሬት ላይ አኖርኩ።

ሜዳው ሁሉ አሸዋ አይደል፣ ለምን ከሳጥኑ አልኩት። ድምፄን ራሴ አላወቅሁትም።

«ሜዳ ላይ ፍየል አለ፣ ዶሮ አለ። ይህን አንተ በጥምቀት ስታጥበው ከአጥሩ አየሁ፣ ንጹሕ ነው። አባቴ ‹የሰይድ አሸዋ› ይለዋል።» ሳቅ አለ፣ ትንሽ። «ውሻ ነጃሳ አይደለም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ለአባቴ ግን የታጠበውን ወሰድኩ። ለአባት ሰው ይጠነቀቃል።»

ታዲያ ለምን አልተናገርክም? ኢ/ር ስትጠይቅ። አቶ ገመቹ ሲጠይቁ። ሰይድ አጥቦታል ብትል ያበቃ አልነበረም?

ኩባያውን ራስጌ መልሶ ቀስ እያለ ተናገረ። አማርኛው እንደሚጎድለው ሰው ሳይሆን እንደሚመርጥ ሰው።

«ኢ/ር ስትጠይቅ ዞሬ አየሁህ፤ አሚ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። አንተ ‹ያው አሸዋ ነው› አልክ። ከዚያ እኔ ምን ልበል? ሽማግሌውን ሰው ፊት ውሸታም ነው ልበል?»

ማን እንደጠቆመህ ታውቃለህ?

«ኩባያዬን ያየ አንተ ብቻ። ከበርሜል ጀርባ ቆብህ ይታያል፣ አሚ። ነጭ ነው።»

ሽማግሌው ከአልጋቸው በበርታኛ አንድ ነገር ጠየቁት። ኸሚስ መለሰላቸው። ስሜን ሰማሁ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው በዚያው በደህናው እጃቸው ዱዓ አደረጉልኝ። ስለ አሸዋው መሆኑ ነው። አሜን ማለት አቃተኝ። አሜን አልኩ።

አፉ በለኝ ልለው ነበር የሄድኩት። እስከ ከንፈሬ መጣ። መለስኩት። እኛ ጋ አፉታ የሚጠየቀው የወሰዱትን ከመለሱ በኋላ ነው። ከእሱ የወሰድኩት ስሙን ነው። ስሙ ደግሞ ያለው ቤቱ አይደለም፤ አቶ ገመቹ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ስወጣ ጫማዬን አንሥቶ ፊቴ አኖረልኝ።


ያው ዕለት። ከዒሻ በኋላ

ከማንጎው ሥር የቀረውን ቅርፊት ሰብስቤ በፌስታል ይዣለሁ። የረገጥኩት አልተሰበሰበም። ኢ/ር ብናኙን ካየችው ታውቀዋለች።

እኔስ ምን እሆናለሁ? አጥበህ ደበቅህ ይሉኝ ይሆናል። በሰው ላይ መሰከርክ ይሉኛል፣ እውነትም ነው። እርስዎን አምናለሁ የሚለው ያ ለስላሳ ወንበር ይቀራል። እንጀራዬም ሊቀር ይችላል። ዘይነብ ብትኖር ምን ትለኝ ነበር? ምንም። ሩዙን ታጥብ ነበር፣ እኔ እስክናገር።

አሁንም አንድ ድምፅ አለ። ምናልባት ኸሚስ አባቱን አዘጋጅቶ ነው፣ እንደምትመጣ ጠርጥሮ ነው ይላል። ሰማሁት። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። የኔ ነው። ሌላ ሰው ላይ ስጥለው የኖርኩት።


ጥር 26፣ ሰኞ። ጧት 2 ሰዓት ተኩል

አቶ ገመቹ ቢሮ ደጅ፣ አግዳሚው ላይ። ፌስታሉ ጭኔ ላይ። ሱብሂን ሰግጄ በቀጥታ መጣሁ፣ ቤት ከተመለስኩ የምቀር መሰለኝ።

ውስጥ ሰዎች አሉ። በሩ ገርበብ ብሏል። የኢ/ር ኮምፒውተር ይታየኛል፣ ትልልቁ ባዶ እየተነሣ ጓ ይላል፣ ያለ ድምፅ። ስለዚህ ዕቃ ያሰብኩትን ሁሉ አሰብኩ። ደቃቁ ሄዷል አለ እንጂ ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አልጨመረም። የሰውን ስም የጨመርኩበት እኔ ነኝ።

የምለው አጭር ነው። አሸዋውን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ኸሚስ የወሰደው ለአባቱ ተየሙም ነው፤ የአክስቶቹን ነገር የጨመርኩት ከክፋት ነው። ሦስተኛውን ልተወው ወይ? አልተወውም።

ኸሚስ መጣ። ነጭ ጀለቢያ ለብሷል፣ እንደ ዒድ። አጠገቤ ተቀመጠ። ፌስታሉን አየ። ዱቄቱን አየ። ቆይቶ፣

«አሚ፣ ምን ትጽፋለህ?»

ልቤ እንዳይቀየር፣ አልኩት።

«ጻፍ እንግዲህ።» ወደ ግድግዳው ተደገፈ።

ወንበር ተገፋ። ኮቴ። በሩ ተከፈተ። ኸሚስ ብለው ጠሩ። ጉልበቱን ያዝ አደረግሁት። የምነሣው እኔ ነኝ።